ባለ 27 ኢንች 1440ፒ የጌም ሞኒተር ልገዛ ነው፤ ከስፔኩ ውስጥ የትኛውን ልመን?

ሸገር ጌመር

ሰላም ቤተሰብ። የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ከዱባይ ይመጣል፤ ሞኒተር ይዞልኝ እንዲመጣ ተነጋግረናል። አሁን የምጠቀመው ባለ 22 ኢንች የቢሮ ስክሪን ነው፤ 1080ፒ (1920 በ1080 ፒክስል)፣ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ)። ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር እና አርቲኤክስ 3060 የግራፊክስ ካርድ አለው። ካውንተር ስትራይክ 2፣ ኤፍሲ (የእግር ኳሱ ጌም) እና ኤልደን ሪንግ እጫወታለሁ። ቀን ቀን ኮድ እጽፋለሁ፤ አማርኛ ጽሑፍም አርማለሁ። ስለዚህ ስክሪኑ ለጌም ብቻ አይደለም።

ሁለት ሞኒተር ላይ ደርሻለሁ። አንዱ ጊጋባይት ኤም27ኪው ነው፤ 27 ኢንች፣ 2560 በ1440፣ 170 ኸርዝ፣ አይፒኤስ። ሌላው ሳምሰንግ ኦዲሲ ጂ5 ነው፤ እሱም 27 ኢንች 1440ፒ ሆኖ 144 ኸርዝ፣ ቪኤ ፓነል፣ ወደ ውስጥ የጎበጠ። ሁለቱም ስለ ሚሊ ሰከንድና ስለ ኤችዲአር (ብርሃንና ጨለማን አስፍቶ ማሳየት) ብዙ ይጽፋሉ። የምታውቁ ሰዎች፣ ዕቃው አንዴ እዚህ ከደረሰ መመለሻ የለውምና ሳልከፍል ንገሩኝ።

ፍሬም በፍሬም

ወንድሜ፣ ከፓነሉ፣ ማለት ሥዕሉን ከሚያሳየው የስክሪኑ አካል ጀምር፤ አይፒኤስና ቪኤ የፓነል ዓይነቶች ናቸው። ሌላው ቁጥር ሁሉ ፓነሉ የሚፈቅድለትን ያህል ነው የሚሠራው።

አይፒኤስን ከጎንም ብታየው ቀለሙ አይለወጥም። እንቅስቃሴውም ንጹህ ነው። ድክመቱ ጥቁር ላይ ነው፤ ኮንትራስቱ (የነጭና የጥቁሩ ልዩነት) 1000 ለ 1 አካባቢ ስለሆነ መብራት ባጠፋህበት ክፍል ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄድብሃል። ቪኤ 3000 ለ 1 አካባቢ ስለሚደርስ ጥቁሩ እውነትም ጥቁር ነው። ችግሩ ፒክስሎቹ ከጥቁር ወደ ትንሽ ፈካ ወዳለ ቀለም ሲሸጋገሩ ይዘገያሉ። ኤልደን ሪንግ ላይ ዋሻ ገብተህ ካሜራውን ስታዞር ከግድግዳው ጠርዝ ኋላ ጥቁር ነገር ሲጎተት ታያለህ። አንዳንዱ ሰው ጭራሽ አያስተውለውም። አንዴ ያስተዋለ ግን ሁልጊዜ ነው የሚያየው።

ሌላም አለ። ቪኤ ላይ ፍሬሙ (ካርዱ በሰከንድ የሚያወጣው ሥዕል ብዛት) ከፍ ዝቅ ሲል፣ በተለይ ፍሪሲንክ (የስክሪኑን ፍጥነት ከካርዱ ጋር የሚያስማማው) ከተከፈተ፣ ስክሪኑ ጨለማ ቦታዎች ላይ ብልጭ ብልጭ ሊል ይችላል። የጌሙ ሎዲንግ ገጽ ላይ ጎልቶ ይታያል። አንተ እንደምትለው ቀን ለሥራ፣ ማታ ለጌም ከሆነ እኔ አይፒኤስ ነው የምልህ።

ጂ5 መቆሚያው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚያዘነብለው። ከፍታው አይስተካከልም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው አንገት ላይ የሚመጣውን አስብ። ኤም27ኪው ከፍ ዝቅ ይላል።

ሄድሾት

ይቅርታ፣ ግን ማንም ስለ ካውንተር ስትራይክ አላወራም። 3060 ይዘህ 1440ፒ ምን ያደርግልሃል? ባለ 24 ኢንች 1080ፒ፣ 240 ኸርዝ ግዛ። ካርድህ ይተነፍሳል፣ ፍሬምህ ይጨምራል፣ ጠላትህን ቀድመህ ታያለህ። እኔ የማውቃቸው ለውድድር የሚጫወቱ ልጆች በሙሉ ባለ 24 ነው የሚጠቀሙት። 27 ኢንች ላይ ዓይንህ ጥግ ለጥግ መሮጥ አለበት።

ፍሬም በፍሬም

ሄድሾት ያለው ለውድድር ተጫዋች ልክ ነው። 1440ፒ ወደ 3.7 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ 1080ፒ ደግሞ ወደ 2.1 ሚሊዮን። ካርዱ በእያንዳንዱ ፍሬም 78 በመቶ የበለጠ ፒክስል ይሥላል። ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

ግን የኸርዙን ሒሳብ አብረን እንየው። 60 ኸርዝ ላይ አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። 144 ላይ 6.9፤ 170 ላይ 5.9፤ 240 ላይ 4.2። ከ60 ወደ 144 ስትሄድ ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ታተርፋለህ። ከ170 ወደ 240 ስትሄድ ግን 2 እንኳ አይሞላም። ትልቁ ዝላይ የመጀመሪያው ነው። ከ60 ለሚመጣ ሰው 170 ብቻውን ሌላ ዓለም ነው፤ ማውሱን ዴስክቶፕ ላይ ስታንቀሳቅስ ገና ይገባሃል።

ኤልደን ሪንግ ደግሞ ፒሲ ላይ በ60 ፍሬም የተገደበ ነው። እዚያ ላይ 240 ኸርዝ አንድም ነገር አይጨምርልህም። የሥዕሉ ጥራት ግን ይጨምርልሃል። ካውንተር ስትራይክ ላይ ሴቲንጉን ዝቅ አድርገህ ትጫወታለህ፤ እሱ ሁሉም የሚያደርገው ነው።

ሄድሾት

ሒሳቡ አልጠፋኝም። ግን 2 ሚሊ ሰከንድም ቢሆን በእያንዳንዱ ተኩስ ላይ አለች። ዱባይ ሰርቨር ላይ ስንጫወት ፒንጉ (ከሰርቨሩ ጋር ያለው መዘግየት) ከኛ እጅ ውጭ ነው። በእጃችን ያለውን ማሳነስ አለብን። ለኔ አሁንም 240 ነው። ለሥራም ከሆነ ግን አልከራከርም፤ ባለ 24 ኢንች 1080ፒ ላይ ኮድ መጻፍ ይጠባል።

የፊደል ልጅ

እኔ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከአማርኛ ፊደል ጋር ነው የምውለው። ስለዚህ ማንም ያልነካውን ላንሳ። ሸገር፣ አንተ ጽሑፍ አርማለሁ ብለሃል።

የኛ ፊደል ጥቅጥቅ ያለ ነው። «ጿ»ን፣ «ኋ»ን፣ «ጧ»ን በትንሽ መጠን ጻፋቸው፤ እግሩ፣ ቀለበቱና ጭረቱ ሁሉ በጥቂት ፒክስል ውስጥ ነው የሚታጨቀው። 27 ኢንች ላይ 1080ፒ ከሆነ በአንድ ኢንች 82 ፒክስል አካባቢ ነው ያለህ። ፊደሉ ይፈርሳል፤ «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» ለመለየት ዓይንህን ማጥበብ ይኖርብሃል። 24 ኢንች 1080ፒ ወደ 92 ይደርሳል። 27 ኢንች 1440ፒ 109 ነው። ልዩነቱ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ምቾት ነው። ለአማርኛ አራሚ ግን ስህተት ማየትና አለማየት ነው። ስለዚህ 1440ፒ ላይ አትደራደር።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ኤም27ኪው የፒክስሎቹ አደራደር ከተለመደው የተገለበጠ ነው። ብዙ ሞኒተር ላይ በእያንዳንዱ ፒክስል ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ በዚህ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። እሱ ላይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ነው። ጌም ላይ ምንም አታይም። ቪዲዮ ላይም እንዲሁ። ጽሑፍ ላይ ግን ዊንዶውስ ፊደሉን የሚያለሰልሰው የተለመደውን አደራደር አስቦ ስለሆነ የፊደሉ ዳር ላይ ቀለም ያለው ጥላ ይመጣል። ክሊርታይፕ የሚባለውን ማስተካከያ ከፍተህ ለተገለበጠው አደራደር የሚስማማውን ብትመርጥ ብዙው ይስተካከላል። ሁሉም ፕሮግራም ግን ያንን ምርጫ አይሰማም።

ለጌም ብቻ ለሚገዛ ሰው ይህ ምንም አይደለም። አንተ ግን አማርኛ ታርማለህ። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን የተለመደው አደራደር ያለውን እፈልጋለሁ። ኤልጂ 27ጂፒ850ን አስበኸዋል? 27 ኢንች፣ 1440ፒ፣ አይፒኤስ ነው። 165 ኸርዝ ነው፤ ከሜኑ ስትከፍትለት 180 ይደርሳል። ዴል ኤስ2721ዲጂኤፍም አለ፤ 165 ኸርዝ፣ መቆሚያው በሁሉም አቅጣጫ የሚስተካከል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። እነዚህ ሞኒተሮች የቀለም ክልላቸው ሰፊ ነው፤ ኤልጂው ዲሲአይ-ፒ3 የሚባለውን የሲኒማ ቀለም ክልል 98 በመቶ ይሸፍናል። ጌም ላይ ደማቅና ያማረ ነው። የተለመደ ድረ ገጽ ላይ ግን ቀዩ ከልክ በላይ ይቀላል፣ የሰው ፊት ብርቱካን ይመስላል። ለሥራ ሰዓት ኤስአርጂቢ (የተለመደው የድረ ገጽ ቀለም ክልል) የሚለውን ሞድ ምረጥ።

ፍሬም በፍሬም

እህቴ፣ ይህን ስላነሳሽው አመሰግናለሁ። ለጽሑፍ ሰው ሐሳቤን ወዳንቺ አዙሬያለሁ። ኤም27ኪው አንድ የሚበልጥበት ነገር ኬቪኤም ያለው መሆኑ ነው፤ በአንድ ኪቦርድና ማውስ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ እያፈራረቁ መሥራት ያስችላል። ሸገር የቢሮ ላፕቶፕ ከሌለው ግን አያስፈልገውም።

የናሆም አባት

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ንባቤ ትንሽ ነው፤ ግን ውይይታችሁን ተከታተልኩት። ልጄ ፕሌይስቴሽን 5 አለው። ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥን ስለሚይዝብን ለክፍሉ ሞኒተር ልገዛለት አስቤያለሁ። እነዚህ የምትሏቸው ለሱ ይሆናሉ? ዓይኑንስ አይጎዱትም?

ፍሬም በፍሬም

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይሆናል፤ ግን ለፕሌይስቴሽን የሚታየው ነገር ይለያል።

ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ 1440ፒ አይሰጥም ነበር። በመስከረም 2022 በፈረንጆች አቆጣጠር በመጣው ማሻሻያ ነው የተጨመረው። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑ አፕዴት መደረጉን ያረጋግጡ። ሴቲንግ ውስጥ የ1440ፒ መሞከሪያ አለ፤ ናሆም ያገኘዋል። ማሽኑ ቢበዛ 120 ኸርዝ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ለሱ ብለው 240 ኸርዝ አይክፈሉ። 144 ይበቃዋል።

ሁለተኛው ነገር ሶኬቱ ነው። ፕሌይስቴሽን በኤችዲኤምአይ ብቻ ነው የሚሠራው። ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ 18 ጊጋቢት ያስተላልፋል፤ ለ1440ፒ 120 ኸርዝ ይበቃል። ነገር ግን የፍሬሙን መዋዠቅ የሚያስተካክለው ቪአርአር የሚባለው ነገር ፕሌይስቴሽን ላይ ኤችዲኤምአይ 2.1 ይፈልጋል። ሞኒተሩ ላይ ፍሪሲንክ ተብሎ ቢጻፍም ፕሌይስቴሽን አይቀበለውም። ኤክስቦክስ ይቀበለዋል። ስለዚህ ለርስዎ ልጅ ኤችዲኤምአይ 2.1 የተጻፈበትን ቢፈልጉ ይሻላል።

ስለ ዓይን፣ ሳጥኑ ላይ ብልጭታ የለውም የሚል መኖሩን ይዩ። የጀርባ መብራቱ በፍጥነት እየጠፋ እየበራ ብርሃን የሚቀንስ ሞኒተር አንዳንዱን ሰው ራስ ምታት ያስይዘዋል። ብርሃኑን ከክፍሉ ጋር ያመጣጥኑለት፤ ከፋብሪካ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ ይበራል። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል ርቀት መመልከትን ይመክራሉ። እሱን ያስለምዱት።

የናሆም አባት

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ኤችዲኤምአይ 2.1 ብዬ ጽፌ ያዝኩ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ኤችዲአር ማንም አልመለሰምና እኔ ልበል። ሸገር፣ ሳጥኑ ላይ «ኤችዲአር 400» የሚለውን እንዳላየህ ቁጠረው። 400 ማለት ብርሃኑ 400 ኒትስ (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ይደርሳል ማለት ነው። የጀርባ መብራቱ በየክፍሉ ተለይቶ እንዲደበዝዝ አያስገድድም። አይፒኤስ ላይ ያንን ስትከፍት ጸሐይዋ ትንሽ ትደምቃለች፣ ሌሊቱም አብሮ ይነጣል። ትርጉሙ የጠፋ ኤችዲአር ነው። ብዙ ሰው ከፍቶ «ቀለሙ ተበላሸ» ይላል፤ ስክሪኑ አልተበላሸም፣ መጀመሪያም አቅሙ የለውም።

በመካከለኛ ዋጋ እውነተኛ ኤችዲአር ከፈለግህ ኤኦሲ ኪው27ጂ3ኤክስኤምኤን አለ። ሚኒ ኤልኢዲ ነው፤ የጀርባ መብራቱ 336 ቦታ ተከፍሏል። 27 ኢንች፣ 1440ፒ፣ 180 ኸርዝ፣ ኤችዲአር 1000። እኔ ቤት ያለው እሱ ነው። ኤልደን ሪንግን ማታ ላይ በሱ ስጫወት የእሳቱ ብርሃን ፊቴ ላይ የሚያርፍ ነው የሚመስለኝ። ፓነሉ ግን ቪኤ ነው፤ ፍሬም በፍሬም የጠቀሰው የጨለማ መጎተት እሱም ላይ አለ። ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ማውስ ስታንቀሳቅስ ዙሪያዋ ጭጋግ ይከተላታል። ለሥራ ሰዓት የክፍል ማደብዘዙን አጠፋዋለሁ።

ሸገር ጌመር

ብዙ ተማርኩ። የቀረኝ ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ያ «1 ሚሊ ሰከንድ» የሚሉት ነገር እውነት ነው? ሁለተኛ፣ ኤንቪዲያ ካርድ ይዤ ፍሪሲንክ ይሠራልኛል?

ፍሬም በፍሬም

ሁለተኛውን ቶሎ ልመልስ፤ ይሠራል። ኤንቪዲያ ከጥር 2019 ጀምሮ በሾፌሩ በኩል ለፍሪሲንክ ሞኒተሮች ከፍቶታል። በዲስፕሌይፖርት ገመድ አገናኘው፣ ከካርዱ ሴቲንግ ክፈተው፣ በቃ።

የ1 ሚሊ ሰከንዱ ነገር ግን ሰፋ ብሎ መነገር አለበት። በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። አንዱ ጂቲጂ ነው፤ ፒክስሉ ከአንድ ግራጫ ወደ ሌላ ግራጫ ለመለወጥ የሚፈጅበት ጊዜ። አምራቹ በጣም ፈጣኑን ሽግግር፣ ኦቨርድራይቩን (ፒክስሉን የሚያፈጥነውን ሴቲንግ) እስከ ጥግ ከፍቶ፣ ይለካና እሱን ይጽፋል። አንተ በዚያ ሴቲንግ አትጫወትም፤ ኦቨርድራይቩ ጥግ ሲደርስ ፒክስሉ ከሚገባው አልፎ ይሄድና ከሚንቀሳቀሰው ነገር ኋላ ነጣ ያለ ጥላ ይመጣል።

ሌላው ኤምፒአርቲ ነው። እሱ ፍሬሙ ዓይንህ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። 170 ኸርዝ ላይ፣ ምንም ካልተነካ፣ ከ5.9 ሚሊ ሰከንድ አይወርድም፤ ፍሬሙ ራሱ ያን ያህል ይቆያላ። 1 ወይም ከዚያ በታች ለማለት የጀርባ መብራቱን በየፍሬሙ መሃል ማጥፋት ያስፈልጋል። ያኔ ስክሪኑ ይደበዝዛል። በብዙ ሞኒተሮች ላይ ደግሞ ከፍሪሲንክ ጋር አብሮ አይሄድም። ኤም27ኪው ላይ የተጻፈው ግማሽ ሚሊ ሰከንድ የዚህ ዓይነቱ ነው።

ሁለቱም ደግሞ ከኢንፑት ላግ ጋር አንድ አይደሉም። ያ ማውሱን ስትጫን ስክሪኑ ላይ እስኪታይ የሚፈጀው ነው፤ ሳጥን ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ስለዚህ የሳጥኑን ቁጥር ተወውና ሞኒተሩን በመሣሪያ የለኩ ገምጋሚዎችን ፈልግ። ሽግግሩን ሁሉ አንድ በአንድ በሰንጠረዥ ያሳዩሃል።

ዴይራ

ከዱባይ ነኝ። ለአክስትህ ልጅ የምትልክለትን እኔ ልንገርህ።

ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ላይ ይሂድ፤ ኮምፒውተር ስትሪት የሚሉት እሱ ነው። አል ዐይን ሴንተር ሕንፃ ውስጥ ሱቆቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ዋጋ ማወዳደር ይቀላል። የሞዴሉን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል ጻፍለት። አንድ ፊደል ሲለወጥ ፓነሉም ሊለወጥ ይችላል፤ ሻጩ «ያው ነው» ቢለው እንዳይሰማው።

ሳይከፍል ሱቁ ውስጥ ያስከፍተው። ሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሥዕል ስልኩ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ ይዞ ይሂድና አንድ በአንድ ያሳይ። የሞተች ፒክስል ካለች ያኔ ትታያለች። ጥቁሩ ላይ ጥግ ጥጉን ይመልከት፤ የጀርባ መብራት የሚያፈስ ከሆነ እዚያ ነው የሚታወቀው። ጎንበስ ቀና ሲል ብርሃኑ ቦታ ከቀየረ የአይፒኤስ ጠባይ ነው፤ ካልቀየረ ማፍሰስ ነው፣ ሌላ ያምጡለት። ዋስትናው እዚህ አገር ላይ ብቻ እንደሚሠራ አትርሳ። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ማንም አይቀይርልህም።

የቮልት ነገር አያሳስብህ። ኃይል ማስገቢያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ እኛ አገር ይሠራል። ሶኬቱ ግን የዱባዩ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ ባለ ሁለት ክብ እግር ገመድ ከዚያው ይግዛልህ። ካርቶኑንና ነጩን ፎም እንዳይጥል። የ27 ኢንች ካርቶን ትልቅ ስለሆነ አየር መንገዱ የሚፈቅደውን ልክ አስቀድሞ ይጠይቅ።

የፊደል ልጅ

እዚህ ሲደርስ ደግሞ መብራቱን አስብበት። ሞኒተሩ ራሱ ብዙ አይበላም፤ የዚህ መጠን ስክሪን ከ30 እስከ 50 ዋት አካባቢ ነው። የሚበላው ኮምፒውተሩ ነው፤ ያንተ ካርድ ብቻውን 170 ዋት ነው። ዩፒኤስ ስትገዛ ሁለቱን ደምረህ አስላ። እኔ ዩፒኤሱን የምጠቀመው ሥራዬን ሴቭ አድርጌ በሥርዓቱ ለማጥፋት ነው፤ እያጫወተ አያቆየኝም። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው ዕቃ የሚያቃጥለው። እስኪረጋጋ ከሶኬት ንቀለው፣ ወይም ስታቢላይዘር አስገባ።

ሸገር ጌመር

ወሰንኩ። ኤልጂ 27ጂፒ850 ካገኘ እሱን ይዞ ይመጣል። ካላገኘ የዴሉን። ሁለቱም ከጠፉ ኤም27ኪውን እወስድና ክሊርታይፑን አስተካክላለሁ። ጂ5ን ተውኩት፤ የመቆሚያው ነገር ነው የወሰነኝ። ሄድሾት፣ ያልከውን አልናቅሁትም፤ ለጌም ብቻ ቢሆን አንተን እሰማ ነበር።

ሄድሾት

ችግር የለም ብሮ። ሲደርስ ካውንተር ስትራይክ ላይ አብረን እንሞክረዋለን።

ፍሬም በፍሬም

ጥሩ ምርጫ ነው። ሲደርስ እነዚህን አትርሳ። ከሳጥኑ የሚወጣውን ዲስፕሌይፖርት ገመድ ተጠቀም፤ በኤችዲኤምአይ ካገናኘኸው 144 ላይ ይቆማል። ገመዱን ከካርዱ ላይ ሰካው፤ ፕሮሰሰርህ የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ማዘርቦርዱ ላይ ከሰካኸው ስክሪኑ ምንም አያሳይህም።

ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ዲስፕሌይ፣ ቀጥሎ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግባና ሪፍሬሽ ሬቱን በእጅህ 165 አድርገው። ብዙ ጊዜ ራሱ በ60 ነው የሚጀምረው፤ ሰው አዲስ ሞኒተር ገዝቶ ሳያውቀው በ60 ሲጫወት ይከርማል። 180ውን ከሞኒተሩ ሜኑ ካልከፈትከው እዚያ አይታይህም። ኦቨርድራይቩን መሃል ላይ ተወው። ጂ-ሲንኩን (ፍሪሲንክን ከኤንቪዲያ ካርድ የምትከፍትበትን) ክፈትና የጌሙን ፍሬም ከሞኒተሩ ጣሪያ ትንሽ ዝቅ አድርገህ ገድበው፤ ለ165 ከሆነ 160 በለው። ካውንተር ስትራይክ ላይ ብቻ ገደቡን ማንሳት ትችላለህ።